የጥንት ጀርመኖችን ጦር ጠረጴዛ ላይ ፈተንኩት፤ ስድስት ጨዋታ፣ አራት ሽንፈት

ባለጋሻው፦

ሰላም ለሁላችሁ። በካርቶን ውስጥ ከዓመት በላይ የቆዩት፣ ለጦርነት ጨዋታ የምጠቀምባቸው ትናንሽ የጥንት ጀርመን ተዋጊ ምስሎቼ ተቀብተው አልቀው ጠረጴዛ ላይ ወጥተዋል። ባለፉት ሦስት ሳምንታት ከአንድ ወዳጄ የሮማ ጦር ጋር ስድስት ጊዜ አጋጥሜአቸው አራቱን ተሸንፌ ሁለቱን አሸንፌአለሁ። የሽንፈቱ ብዛት አላስከፋኝም፤ ያስጨነቀኝ ጦሩ በራሱ ደካማ ይሁን ወይስ እኔ አሰላለፉን ሳላውቅበት ቀርቼ እንደ ሆነ መለየት አለመቻሌ ነው። ስለዚህ ያየሁትን በዝርዝር አቅርቤ አስተያየታችሁን ልጠይቅ።

የምንጫወትበት ደንብ መሠረቱ ዲቢኤ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በእንግሊዝ አገር የወጣው አጭር ደንብ ሲሆን፣ ጥቂት ነገሮችን ለራሳችን አስተካክለናል። እያንዳንዱ ወገን 12 ቤዝ ያሰልፋል፤ ቤዝ የምንለው ጥቂት ምስሎች አንድ ላይ የተለጠፉበትን ቁራጭ ሰሌዳ ነው። ባለተራው አንድ ዳይስ ወርውሮ በወጣለት ቁጥር ልክ ትእዛዝ ይሰጣል። ተያይዞ የቆመ ሰልፍ የቱንም ያህል ቢረዝም በአንድ ትእዛዝ ይንቀሳቀሳል፤ የተበጣጠሰ ሰልፍ ግን ለእያንዳንዱ ቁራጭ የየራሱን ትእዛዝ ይጠይቃል። ሁለት ቤዞች ሲጋጠሙ ሁለቱም ተጫዋቾች ዳይስ ወርውረው የኃይል ነጥባቸውን ይደምራሉ፤ ያነሰው ያፈገፍጋል፣ ድምሩ ከተቃራኒው ግማሽ ያልበለጠ ደግሞ ይደመሰሳል። ቀድሞ 4 ቤዝ ያጣ ወገን ተሸናፊ ነው።

ሌጌዎን፣ ማለትም የሮማው ዋና እግረኛ፣ ከእግረኛ ጋር ሲዋጋ ኃይሉ 5 ሲሆን የጀርመኑ የጎሳ ጦር 3 ብቻ ነው። በዚህ ብቻ ከሄድን ጨዋታው ሳይጀመር ያለቀ ይመስላል። ይሁንና የጎሳ ጦር ሌጌዎንን በአንድ ነጥብም ቢሆን ከበለጠው ሌጌዎኑ ማፈግፈግ የለውም፤ እዚያው ይደመሰሳል። በተጨማሪም ከኋላው ሌላ የጎሳ ጦር ተጠግቶ ከቆመለት 1 ነጥብ ይጨመርለታል። ጎኑ ክፍት ሆኖ ጠላት የተጠጋበት ቤዝ ግን፣ የየትኛውም ወገን ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ጎን 1 ይቀነስበታል።

የእኔ ጦር ስምንት የጎሳ ጦር፣ ሁለት ጦር ወርዋሪ፣ አንድ ፈረሰኛና አንድ በፈረስ ላይ ያለ አዛዥ ነበረው። በወዳጄ በኩል ስድስት ሌጌዎን፣ ሦስት ረዳት እግረኛ፣ ሁለት ፈረሰኛና አንድ ጦር ወርዋሪ ተሰልፈዋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች ስምንቱን በአንድ ረድፍ ዘርግቼ ሜዳ ላይ ገጠምኩት፤ ሦስቱንም ተሸነፍኩ። ሦስተኛው ከዓይኔ አልጠፋም። በመጀመሪያው ግጭት አንድ ሌጌዎን ጥዬ አንድ ቤዝ ብቻ አጥቼ ነበርና ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን አራት ቤዞች ወደ ኋላ ተገፍተው ሰልፌ እንደ አሮጌ አጥር ተበጣጥሶ ነበር። ቀጥሎ ለትእዛዝ ዳይስ ስወረውር 1 ወጣ። አንድ ትእዛዝ ይዤ አምስት ቦታ ከተቆራረጠ ሰልፍ ፊት ቆምኩ። በሁለት ተራ ውስጥ አለቀ።

በአራተኛውና በአምስተኛው ጨዋታ ሁለት ሁለት እየደራረብኩ አራት ዓምድ ሠራሁ፤ አንዱን አሸነፍኩ፣ አንዱን ተሸነፍኩ። ስድስተኛው ጫካ በበዛበት ሰሌዳ ላይ ነበር፤ በቀላሉ አሸነፍኩ። ከዚህ ምን ልማር?

የቁጥር ሰው፦

ወንድም ባለጋሻው፣ ዝርዝሩን በጥንቃቄ ስላቀረቡ እናመሰግናለን። ስድስት ጨዋታ ብዙ አይናገርም፤ ዳይሱ ግን ይናገራልና ወረቀት ይዤ ቆጠርኩ።

ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት ውጤት አለው። የኋላ ድጋፍ የሌለው የጎሳ ጦር 3 ይዞ 5 ከያዘ ሌጌዎን ጋር ሲጋጠም፣ ከ36ቱ በ6ቱ ሌጌዎኑን ይደመስሳል፣ በ6ቱ ራሱ ይደመሰሳል፣ በ4ቱ እኩል ይወጣሉ፣ በቀሩት 20 ወደ ኋላ ይገፋል። ከኋላው አንድ ቤዝ ሲደረብለትና 4 ሲሆን፣ በ10ሩ ይደመስሳል፣ በ2ቱ ብቻ ይደመሰሳል፣ በ5ቱ እኩል ይሆናሉ፣ በ19ኙ ይገፋል። አንዲት ነጥብ የመግደሉን ዕድል ወደ እጥፍ ስታስጠጋ የመሞቱን ዕድል ወደ ሢሶ አወረደችው። ስለዚህ ጦርዎ ደካማ አይደለም፤ ነጥብ ሲጨመርለት ኃይሉ እንደ ሌሎቹ ጦሮች ቀስ ብሎ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ስለሚዘል ነው ግራ የሚያጋባው።

ችግሩ ስፋት ነው። ስምንቱን ደራርበው አራት ዓምድ ሲሠሩ ስድስት ሌጌዎን ፊት ይቆማሉ፤ በዳርና በዳር ያሉት ሁለት ዓምዶች ጎናቸው ስለሚጠቃ ወደ 3 ይወርዳሉና ለእነርሱ መደረቡ ጥቅሙን አጣ ማለት ነው። ሁሉን ስንደምር በመጀመሪያው ግጭት በአማካይ 0.89 ሌጌዎን ይጥላሉ፣ 0.44 ቤዝ ያጣሉ። ስምንቱን በአንድ ረድፍ ከዘረጉ፣ የሮማው ዳርና ዳር ክፍት ከሆነ 1.22 ይጥላሉ፣ 0.89 ያጣሉ። ነገር ግን ማንም ልምድ ያለው ሮማዊ ዳሩን ክፍት አይተውም፤ በረዳት እግረኛ ከዘጋው ስድስቱም ግጭቶች አንድ ለአንድ ይሆናሉ፣ አንድ ጥለው አንድ ያጣሉ፣ ከዚያም በላይ ሦስት ያህል ቤዝ ይገፋብዎታል። በሦስተኛው ጨዋታ ያዩት መበጣጠስ የዳይስ ክፋት አልነበረም፤ ሊሆን የሚገባው መካከለኛ ውጤት እርሱ ነው።

እኔ የምሞክረው መሐል ላይ ሁለት ዓምድ አድርጎ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት ነጠላ ማቆም ነው። ስፋቱ ከሮማው ስድስት ጋር እኩል ይሆናል። በአማካይ 1.22 ይጥላሉ፣ 0.78 ያጣሉ። ከአንድ ረድፉ የተሻለ፣ ከድርቡ ፈጠን ያለ ነው።

ባለ ሌጌዎን፦

የተባልኩት ወዳጅ እኔ ነኝ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ አንድ ነገር ግን ረስቷል፣ ስድስቱን ሌጌዎን ሁልጊዜ ፊት አላሰልፍም። ከአራተኛው ጨዋታ ጀምሮ አራቱን ፊት፣ ሁለቱን ኋላ አድርጌአለሁ። ይህን የተማርኩት ከዩልየስ ቄሳር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 ከአሪዮቪስቱስ ጀርመኖች ጋር ሲጋጠም ጀርመኖቹ ከመፍጠናቸው የተነሣ ሮማውያን የሚወረወር ጦራቸውን እንኳ ለመሰንዘር ጊዜ አላገኙም፤ ጥለውት ሰይፍ መዘዙ። የጀርመኖቹ ግራ ክንፍ ሲሸሽ ቀኝ ክንፋቸው ግን የሮማውያንን ግራ በብዛቱ እያስጨነቀው ነበር፤ ያዳነው ፈረሰኞቹን ይመራ የነበረው ወጣቱ ፑብልየስ ክራሱስ ሦስተኛውን ረድፍ ወደዚያ መላኩ ነው። እኔም አንድ ሌጌዎን ሲወድቅብኝ ቀዳዳውን የሚሞላ ከኋላ አለኝ። የባለጋሻው ጦር ግን ከጣለ በኋላ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፤ አምስተኛውን ጨዋታ የተሸነፈው ሁለት ሌጌዎን ጥሎብኝ ነው።

የቁጥር ሰው፦

አራት ፊት ካቆሙ ነገሩ ተለወጠ። ስድስት ስፋት ያለው የጀርመን ሰልፍ ከአራት ሲጋጠም መሐሉ ላይ ሁለቱ ዓምዶች 4 ለ5 ናቸው፤ በዳር ያሉት ሁለት ሌጌዎኖች ደግሞ ጎናቸው ስለሚነካ 3 ለ4 ይሆናሉ። በአራቱም ቦታ የመደምሰስ ዕድሉ ከ36 በ10 ነው። በአማካይ 1.11 ይወድቅብዎታል፣ ጀርመኑ 0.33 ብቻ ያጣል። ተጠባባቂው ዋጋ አለው፤ ይህ ዋጋው ነው።

ባለ ሌጌዎን፦

ረዳቶቼና ፈረሰኞቼ የት ሄዱ? በዳርና በዳር የተረፉትን ሁለት ነጠላ ቤዞች እነርሱ ይይዟቸዋል። የጎሳ ጦር ከፈረሰኛ ጋር 2 ብቻ ነው፣ ፈረሰኛዬ 3።

የቁጥር ሰው፦

ልክ ነው። እንግዲያው ጨዋታው የሚወሰነው በዳር ነው።

የሰሜኑ መንገደኛ፦

የስድስተኛውን ጨዋታ ውጤት ግን ከቁጥር ልናወጣው ይገባል ባይ ነኝ። በጫካ ውስጥ ሌጌዎን 2 ይቀነስበታል፣ የጎሳ ጦር ምንም አይቀነስበትም፤ 3 ለ3 ሆነው ሌጌዎኑ በአንድ ነጥብ ልዩነት የሚሞት ከሆነ ያ ፈተና ሳይሆን ምረቃ ነው።

የምኖረው በሰሜን ጀርመን፣ ከኦስናብሩክ ከተማ ብዙም ሳልርቅ በመሆኑ ካልክሪዘ የሚባለውን ስፍራ ሁለት ጊዜ ጎብኝቼዋለሁ። ብዙ ተመራማሪዎች በ9 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የሮማው አዛዥ ቫሩስ ሦስት ሌጌዎኖቹን፣ 17ኛውን፣ 18ኛውንና 19ኛውን፣ ካጣበት ጦርነት ጋር የሚያያይዙት ቦታ ነው። ሰው ጦርነቱ በሚጠራበት ስም «የቶይቶቡርግ ጫካ» ሲባል ሰማይ የማይታይበት ዱር ያስባል። እዚያ ቆሞ ሲያዩት ግን የሚገርመው ጫካው ሳይሆን ጥበቱ ነው። በደቡብ ኮረብታ፣ በሰሜን ትልቅ ረግረግ ነበረ፤ መተላለፊያው በመካከላቸው ያለው ቀጭን መሬት ነው። በሙዚየሙ ውስጥ የፈረሰኛ የብረት የፊት ጭንብል አለ፤ ላዩ ላይ ለብሶት የነበረውን ብር አንድ ሰው ቆርጦ ወስዶታል፣ የቀረው ዝገቱ ነው። ከመስታወቱ ፊት ብዙ ቆየሁ።

ይህን የምለው ስለ ደንቡ ነው። ቫሩስን ያጠፋው ለሌጌዎን የሚቀነስ 2 ነጥብ አይደለም። ሦስት ሌጌዎን፣ ስድስት የረዳት እግረኛ ሻለቃና ሦስት የፈረሰኛ ክፍል ከጓዝና ከቤተሰብ ጋር በረጅም መስመር ሲጓዙ ሳይሰለፉ መያዛቸው ነው። ጀርመኖቹን የመራው፣ ኬሩስኪ ከሚባለው ጎሳ የሆነው አርሚኒየስ ራሱ የሮማ ዜግነት የነበረውና በሮማ ሠራዊት ረዳት ጦር የመራ ሰው ስለሆነ፣ ሌጌዎን ተሰልፎ ከቆመ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ እንዲሰለፍ አልፈቀደለትም። ሁለቱም ወገን ትይዩ ቆሞ በሚጀምርበት ሰሌዳ ላይ ያንን ቀን መልሶ ማምጣት አይቻልም። ጦሩን መፈተን ከፈለግን ሜዳ ላይ እንፈትነው።

ቀለም ቀቢዋ፦

በዚህ እስማማለሁ፤ የእኔ ነገር ግን ምስሎቹ ላይ ነው። ባለጋሻው የለጠፉትን ፎቶግራፍ አየሁት፤ ከሦስቱ ተዋጊ አንዱ ሰይፍ ይዟል። ይህ በዛ። በ98 ዓ.ም. የጻፈው ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ሰይፍ ወይም ረጅም ጦር የሚይዙት ጥቂቶች እንደ ሆኑ፣ አብዛኛው ሰው ፍራሜያ የሚባለውን አጭርና ጠባብ ብረት ያለው ጦር እንደሚይዝና ሲያስፈልግ ሲወጋበት፣ ሲያስፈልግ ሲወረውረው እንደሚዋጋ ይናገራል። ከእርሱ አራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በዴንማርክ አልስ ደሴት ረግረግ ውስጥ ለአምልኮ የተጣለው የህዮርትስፕሪንግ የመሣሪያ ክምችትም ይህንኑ ይመስላል፤ የብረት ጦር ጫፉ 138 ሲሆን ሰይፉ 11 ብቻ ነው። ሠራዊቱንም መሣሪያውንም በአንድ ቃል «ጦር» የምንል ሰዎች ይህን ለመቀበል ሊከብደን አይገባም። ሰይፎቹን በምላጭ ቆርጠው ቀጭን ሽቦ ይትከሉላቸው፤ የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ ጨፍልቀው ሲቀቡት ብረት ይመስላል።

ከዚያ ደግሞ አንድ የደንብ ጥያቄ አለኝ። አዛዡ ለምን በፈረስ ላይ ሆነ? በ357 ዓ.ም. በስትራስቡርግ አቅራቢያ አላማኒ የሚባሉት ጀርመኖች ተዋጊዎች ንጉሦቻቸው ከፈረስ እንዲወርዱ ጮኸው ጠየቁ፤ ነገሩ ከከፋ ትተውን ይሸሻሉ ብለው ፈርተው ነበር። ንጉሥ ክኖዶማርም ሳያመነታ ወረደ። በዚያ ጦርነት ሮማውያንን የመራው በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነው፣ እኛ በቅዱስ መርቆሬዎስ ሥዕል ላይ በጦር ሲወጋ የምናውቀው ዩልያኖስ ነው። እንደ ታሪክ ጸሐፊው አሚያኑስ ቁጥር 13,000 ይዞ 35,000 ገጥሞ አሸነፈ፤ ስለዚህ መውረዱ አላዳናቸውም። ቢሆንም ምርጫው ጀርመናዊ ነው። በደንባችሁ አዛዡ ያለበት ቤዝ 1 ይጨመርለት የለም?

የቁጥር ሰው፦

እኅቴ፣ ይህን እኔ ማየት ነበረብኝ። አዛዡ እግረኛ ሆኖ ዓምድ ፊት ቢቆም 3፣ ሲደመር የኋላ ድጋፍ 1፣ ሲደመር አዛዥነት 1፣ 5 ይሆናል። 5 ለ5 ማለት ከ36 በ15ቱ ሌጌዎኑን ይደመስሳል፣ በ6ቱ እኩል ይሆናሉ፣ በ15ቱ ይገፋል። ራሱ የሚደመሰስበት ዕድል ግን ዜሮ ነው፤ ዳይሱ 1 ለ6 ቢሆን እንኳ 6 ለ11 ነውና ከግማሽ ይበልጣል። ጎኑ እስካልተነካ ድረስ ያ ቤዝ አይሞትም።

ባለ ሌጌዎን፦

ምነው ዝም ብትሉ ኖሮ።

የሰሜኑ መንገደኛ፦

ጥቅሙን ብቻ አንቁጠር። በእግሩ ያለ አዛዥ የትም አይደርስም፣ ከእርሱ ርቆ ያለው ቤዝ ለመታዘዝ ሁለት ነጥብ ይጠይቃል። ያ ደግሞ ዳሩ ላይ ጨዋታው ይወሰናል ካላችሁት ጋር አይገጥምም። ስለ መደራረቡም አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ በ16 ዓ.ም. የሮማው የጦር መሪ ጀርማኒከስ ከቬዘር ወንዝ ማዶ ጀርመኖቹን ሁለተኛ ጊዜ ሲገጥማቸው፣ አንግሪቫሪ በሚባለው ጎሳ ካብ አጠገብ፣ ያ ሁሉ ሰው በጠባብ ቦታ ስለታጨቀ ረጃጅም ጦሩን መሰንዘርም መሰብሰብም አቅቶት እንደ ነበር ታሲተስ ጽፏል። ሁለት ድርብ ይበቃል፤ ሦስተኛ አትጨምሩ።

ባለጋሻው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ሌላ ነገር ከታሲተስ አግኝቼ ሐሳቤን ለወጠው። ጋሻ ጥሎ መምጣት ትልቅ ውርደት ሆኖ ሳለ፣ ተመልሰው እስከ ገጠሙ ድረስ ወደ ኋላ ማለትን ግን እንደ ብልኃት እንጂ እንደ ፍርሃት አይቆጥሩትም ይላል። እኔ ስድስቱንም ጨዋታ ቤዝ በተገፋብኝ ቁጥር እንደ ሽንፈት ቆጥሬ ያችን ያለችኝን ትእዛዝ የተገፋውን ወዲያው ለመመለስ አባክናለሁ። መገፋት ከ36 በ19 ወይም በ20 የሚመጣ የዕለት እንጀራ ከሆነ መልመድ ነው ያለብኝ። የተገፋው ይቆይ፤ ትእዛዙን ወሳኝ በሆነው ቦታ ላይ ላውል።

ሰይፎቹንም ቆረጥኩ። አንዱ ጣቴን ይዞ ሄዷል።

ባለጋሻው፦

ሰባተኛውን ጨዋታ ትናንት ማታ ተጫወትን፤ ሜዳ ላይ፣ አንድ ትንሽ ኮረብታ ብቻ ባለበት። አዛዡን አወረድኩና የጎሳ ጦሬ ዘጠኝ ሆነ። መሐል ላይ ሁለት ዓምድ፣ አንዱ የአዛዡ፤ ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት ነጠላ፤ ዘጠነኛውን ከኋላ አስቀረሁት። ሁለቱን ጦር ወርዋሪዎች ከኮረብታው ጀርባ ደበቅኩ።

በዳር በኩል የተባለው ሁሉ ደረሰብኝ። የሮማ ፈረሰኛ በግራ ያለውን ነጠላ በመጀመሪያው ተራ ደመሰሰ፣ በሁለተኛው ደግሞ አጠገቡ ያለውን። መሐል ላይ ግን ዓምዱ 6 ወርውሮ ሌጌዎኑ 3 ሲያወጣ 10 ለ8 ሆነ፣ ወደቀ። የአዛዡ ዓምድ 9 ለ8፣ ሌላ ወደቀ። ወዳጄ ሁለቱን ተጠባባቂ አስገብቶ ቀዳዳውን ሞላው፤ በቀጣዩ ተራ ሁለቱም ዓምዶቼ ተገፉ። ለትእዛዝ 2 ወጣልኝ። እንደ ቀድሞው ቢሆን በሁለቱ ዓምዶቹን እመልስ ነበር። ተውኳቸው፤ በሁለቱም ትእዛዝ ጦር ወርዋሪዎቹን ከኮረብታው ጀርባ አዙሬ በቀኙ ካሉት ረዳት እግረኞች ኋላ አደረስኳቸው። ወዳጄ ዓምዶቼን ተከትሎ ሲገባ አዛዡ ሦስተኛውን ሌጌዎን ጣለ፤ እኔም በዚያው ተራ ሦስተኛ ቤዝ አጣሁ። ሦስት ለሦስት። ከዚያ የቀኙ ነጠላ ረዳት እግረኛውን 7 ለ6 በለጠው፤ በሌላ ቀን ቢሆን ያፈገፍግ ነበር፣ ከኋላው ጦር ወርዋሪዎቼ ስለ ቆሙ ግን የሚያፈገፍግበት መሬት አልነበረም፤ ተደመሰሰ። አራት ለሦስት።

ባለ ሌጌዎን፦

ሲዞሩ አይቻቸው ነበር፤ አንዲት ትእዛዝ ቸግራኝ ነው። ቅዳሜ ጦር እንቀያየር፣ ጀርመኖቹን እኔ እይዛለሁ። ሽቦዎቹ ግን ጠንካራ ሙጫ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱ እጄ ላይ ቀርተዋል።